ሱሪው ይሰፋል

ጥቅምት 9

«የዚህ ሰውዬ ጉበት ያበራል።»

ያለችው ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ የምታንሸራትተው ባለሙያ ናት። ለእኔ አይደለም፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሻይ ለምታማስል ጓደኛዋ ነው። ጓደኛዋም መጥታ አየችና «ውይ፣ እውነትም» አለች። በአርባ አራት ዓመቴ ስለ ውስጤ የተነገረ የመጀመሪያው መልካም ነገር ስለሆነ ቃሉ ሳይጎድል ይጻፍ ብዬ ነው።

ቤት ስገባ ለእትዬ ነገርኳት። አልጋዋ ላይ ተደግፋ የሰው ኮሌታ ትተረትራለች። «ያበራል? እንግዲያው ግማሹን ስትሰጠኝ መብራት ቢጠፋም አልጨነቅም» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ቦታ በሥርዓት ተጽፎ ይቀመጥ። እትዬ ታላቄ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ልብስ ሰፊ ናት። ጉበቷ አልቋል። መጠጥ ቀምሳ አታውቅም፤ ቢሆንም አዲስ ሐኪም ባየን ቁጥር «ይጠጡ ነበር?» ይላታል፤ እሷም «ዛሬ ብጀምር ረፍዶብኛል?» ትለዋለች። የእሷ በሽታ የስብ ነው። መጀመሪያ ስቡ ጉበቷ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ አስቆጣው። ቁጣው ጠባሳ ሆነ። ጠባሳው በዛና ጉበቱ ጉበት መሆኑን ተወ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዓመታት አልፈዋል፤ እሷ ግን አንድም ቀን አላመማትም። የቀራት ተስፋ ከሕያው ሰው ተቆርጦ የሚሰጣት ጉበት ነው። ደሙም ልኩም የሚገጥመው ሰው ተፈልጎ እኔ ብቻ ተገኘሁ። የሰጪውም የተቀባይዋም መልሶ ያድጋል አሉኝ። እንዲህ ያለ ለጋስ ሥጋ በሆዴ ይዤ መኖሬን አላውቅም ነበር።

ጥቅምት 13

ያበራል ማለት ስብ ነው ማለት ነው።

ሐኪሙ ሥዕሉን መስኮቱ ላይ አድርጎ አስረዳኝ። ጤነኛ ጉበት ግራጫ ነው። ስብ የሞላው ጉበት የመሣሪያውን ድምፅ መልሶ ስለሚያስተጋባ ነጭ ሆኖ ይታያል። «እኛ ‹ያበራል› እንላለን። የእርስዎ በጣም ያበራል» አለኝ። ከልማድ የተነሣ አመሰገንኩት።

«የእህቴስ?»

«የእህትዎም መጀመሪያ ላይ ልክ እንዲህ ነበር» አለና ሥዕሉን ከመስኮቱ አነሣው።

ጉበት መጋዘን አይደለም ይላል፤ መናኸሪያ ነው። የበላነው ስኳር ሲተርፍ እዚያ ስብ ይሆናል፤ ስቡ ይጫናል፣ ይሸኛል። የሚመጣው ከሚሄደው ሲበልጥ ተሳፋሪው እዚያው ያድራል። እንዲህ ያለ ጉበት ለሁለት ቢከፈል ለእሷም አይበቃ፣ ለእኔም አይበቃ። ስለዚህ ልክሳ። «ግን ቀስ ብለው፤ በወር ሦስት አራት ኪሎ። ራስዎን ካስራቡ ሰውነት ከየጎኑ ስብ እየፈታ የሚልከው ወደዚያው ወደ ጉበት ነው፤ መናኸሪያው ይብስ ይጨናነቃል። ጥር ላይ እናያለን።»

እኔ «ጥር» የሚለውን ሰማሁ።

ስመለስ መንገድ ላይ ሳስብ የነበረው፦ ልብ ይሰበራል፣ አንጀት ይቃጠላል፣ ሆድ ይባባል፣ ሐሞት ይፈስሳል። ጉበት ግን በቋንቋችን ምንም ሲሆን አላየሁም። ዝም ብሎ ሲሠራ ኖሮ ዝም ብሎ የሚያኮርፍ ዘመድ ነው።

ጥቅምት 15

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ሚዛን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኪሎዬን ለኮሪደሩ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ጠራችው። አንዲት አሮጊት ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሴ አረጋገጡ። ድጋሚ አልወጣም።

ከሚዛን የተሻለ ነገር አለኝ። ሁለት ሱሪ አለኝ፣ ሁለቱንም የሰፋችልኝ እትዬ ናት። ቀበቶ አድርጌ አላውቅም፤ «ቀበቶ የሚፈልግ ሱሪ ሳይለካ የተሰፋ ነው» ትላለች፤ ቀበቶ ባደርግ እንደ ስድብ ነው የምታየው። ወገቡ አሁን ይዞኛል። በሰፋኝ ቀን መክሳቴን አውቃለሁ። ሱሪ አይዋሽም።

ጥቅምት 24

ማተሚያ ቤቱ ለእርማት የሰጠኝ መጽሐፍ ስለ ምግብ አሠራር ነው። ከመጽሐፍ ሁሉ።

ከአለቃዬ ጋር ክርክር ገጠምን። ደራሲዋ በየገጹ ግርጌ «ትኩስ ሳለ ይበላል» ትላለች። እኔ መጥበቁን የሚያሳይ ነጥብ ከላይ ይደረግበት አልኩ። ላልቶ ከተነበበ አንድ ሰውዬ ትኩስ ሳለ ይበላል፤ ጠብቆ ከተነበበ ሰውዬው ራሱ ነው የሚበላው። አለቃዬ «አንተ ደግሞ፣ ይኼን የሚሳሳት ሰው ምጣድ አይስጡት» አለ። ነጥቡ ቀረ።

ኅዳር 2

ሱሪዬ ሰፋ። በወገቡ ሁለት ጣት ይገባል። ለእትዬ አሳየኋት። እሷ ያየችው ግን ሌላ ነው፦ «መቀመጫው ተንዘላዝሏል። እንዲህ ሆነህ ነው ሰው ፊት የምትቆመው?»

ዛሬ ሐኪሙ እጇን እንድትዘረጋ አደረጋት፤ መኪና እንደሚያስቆም ሰው መዳፏን ወደ ፊት አድርጋ። እጆቿ ተርገፈገፉ፤ እንደ ወፍ ክንፍ፣ ሳታዝዛቸው። መቀስ እንዳትይዝ፣ ስፌት መኪና ላይ እንዳትቀመጥ አለ። ስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፈንኩት። መቀሶቹን የኔ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። እትዬ ቁልፉ የገባበትን ኪስ አየች። አንሶላው በተሸፈነው ነገር ቅርፅ ጎብጦ የተቀመጠ ሰው ይመስላል።

ኅዳር 6

ሱሪው እንደ ድሮው ይዞኛል። ሁለቱም። ምን ጨምሬ በላሁ? ምንም። እራት ተውኩ።

ኅዳር 11

እትዬ ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ትነቃለች። ሐኪሙ ይኼም የበሽታው ነው አለ፤ ጉበቱ ማጥራት የተወው መርዝ ከአንጀት ተነሥቶ ወደ ራስ ይወጣል። ሽሮፕ አዘዘላት፣ ማር ማር ይላል፤ ሆድ የሚያስኬድ ነው። ስለዚህ ትደብቀዋለች። ዛሬ አንዱን ጠርሙስ ሙሉውን ከትራሷ ሥር አገኘሁት።

እኔ ከእርማቱ የምነሣው ሲመሽ ነው። ከመተኛቴ በፊት በሯ ላይ ቆሜ እስትንፋሷን አያለሁ። ከዚያ ሱሪዬን ስፌት ክፍሉ ወንበር ላይ እጥላለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሱሪ የማስቀምጠው እዚያ ነው።

ዛሬ ጠዋት እንዲህ አለችኝ፦ «ማሙሽ፣ ማታ ማታ አንድ ቀጭን ሰውዬ ይመጣል።»

«የት ይመጣል?»

«በሩ ላይ። ቆሞ ያየኛል።»

«ምን ይላል?»

«ምንም። ጨዋ ነው። ሱሪው ግን ሰፍቶታል፤ አንጀቴን በላው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «ልኩን በዓይኔ ወስጃለሁ።»

ሳቅሁ። ከተኛች በኋላ ግን የበሩን መቀርቀሪያና የመስኮቶቹን መዝጊያ ሁሉ ፈተሽኩ። ሱሪ የሰፋው ሌባ ሮጦ እንደማያመልጥ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፈተሽኩ።

ኅዳር 14

እሺ፣ ሱሪው። ዛሬም ጠቦኛል። ጠዋት በሯ ላይ ቆሜ፣ ዓይኗ ተከድኗል፣ እንዲያው ለራሴ ያህል «እትዬ፣ ይኼ ሱሪ መቼ ነው የሚሰፋው?» አልኩ።

«ይሰፋል» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «እዚያው ወንበሩ ላይ ተወው። ይሰፋል።»

እሷ ሆና እኔን ታጽናናለች። ምሳ ተውኩ።

ኅዳር 22

ምሳ አልተውኩም፤ ይኼን ላስተካክል። ምሳ ይዤ እሄዳለሁ። ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ያለው ውሻ ምሳዬን ያየዋል፣ እኔም ውሻውን አየዋለሁ፤ ከዚያ አንዳችን እንበላለን።

ኮቴ ትከሻው ወርዷል። የተገዛ ኮት ነው፣ እትዬ የሰፋችው አይደለም፤ የፋብሪካ ነገር እንዲህ ነው። የሰዓቴም ማሰሪያ እስከ ክርኔ ይንሸራተታል። ቆዳ ሲያረጅ ይለጠጣል።

ኅዳር 29

ሌሊት ትክ ትክ ትክ ትክ የሚል ድምፅ። ይቆማል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ቧንቧ መሰለኝ። ከዚያ ሆዴ መሰለኝ። የራበው ሆድ እንዲህ ያለ እኩል እርምጃ ያለው ድምፅ ማውጣቱ ቢገርመኝም ለመነሣት አቅም አልነበረኝም።

ጠዋት ስፌት ክፍሉን አየሁ። መኪናው በአንሶላው ተሸፍኗል። አንሶላው በግልባጩ ነው፤ እኔ ነኝ እንዲያ የሸፈንኩት ማለት ነው። መርፌው ላይ ግራጫ ክር አለ። እትዬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰፋችው የነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ነበር መሰለኝ። በእርግጠኝነት አላስታውስም። የማላስታውሰው ነገር በዝቷል።

ሱሪው ያው ነው። ግራጫው እንዲያውም ይጠባል።

ታኅሣሥ 3

አለቃዬ አስጠራኝ። የታረመው ገጽ ሁሉ ፊቱ ተዘርግቷል።

«በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቅቤ የሚባል ነገር የት ሄደ?»

«አልነበረም እንዴ?»

«ነበረ። አንተ ሰረዝከው። ዘይቱንም። ኬኩ ጋ ደግሞ ያለውን ላንብብልህ፦ ‹ዱቄቱን ሳህን ላይ አድርገው በጥንቃቄ ይመልከቱት።› ይኼ የማን ነው?»

የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው። መጻፌን ግን አላውቅም።

አለቃዬ ለረጅም ጊዜ ካየኝ በኋላ «ምን ሆነሃል አንተ ሰው? ሄድክ እኮ» አለ። ሰው ጉበት ልስጥ ሲል ሁሉም የሚያዝንለት ይመስለዋል። «የለሁም እንዴ?» አልኩት። ፈገግ አላለም። የሳምንት እረፍት ሰጠኝ።

ስወጣ የማተሚያ ቤቱ ጥበቃ፦ «ጋሼ፣ ይኼን ውሻ ምን ነካው ይላሉ? መነሣት አቃተው እኮ። እንደ ሰንጋ ሰብቷል።»

«ዕድሜ ነው» አልኩ።

ውሻው ተኝቶ በዓይኑ ብቻ ተከተለኝ። የኔን ገላ ለብሶ የተኛ መሰለኝ። ይኼን ዓይነት ነገር መጻፍ ማቆም አለብኝ።

ታኅሣሥ 12

ሆስፒታል በር ላይ መታወቂያ ጠየቁኝ። ጥበቃው ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ። «ይኼ የወንድምዎ ነው?» አለኝ።

«የኔ ነው።»

«የእርስዎን ይዘው ይምጡ» አለ፣ በትሕትና።

እትዬ ከኋላዬ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና «እሱ ነው፣ አስገባው፤ ወገቡን እኔ አውቀዋለሁ» አለች። በእሷ ምስክርነት ገባሁ።

ታኅሣሥ 20

ቁርስ ሻይ። ምሳ ውሻው። እራት ሻይ።

ሱሪ ያው።

እንዴት ያው ይሆናል? ስብ ከየት ነው የሚመጣው? ሌሊት ጋደም ብዬ ስቡ ሲሄድ የሚሰማኝ ይመስለኛል፤ ከጭኔ፣ ከጀርባዬ፣ ከጉንጬ ተነሥቶ ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ በጨለማ፣ በቀኝ ጎኔ ወዳለው መናኸሪያ። እጄን ጎኔ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ። ትክ ትክ ትክ።

ታኅሣሥ 27

ዛሬ እትዬ በጠራ አንደበት ተናገረች፤ ሽሮፑን ቆሜ ስላጠጣኋት ይሆናል። ስለ ቀዶ ሕክምናው ጠየቀችኝ።

«ያምሃል?»

«ያስተኙኛል።»

«ስትነሣ እኮ ነው የምልህ።»

«ታዲያ አንቺ ትሰፊኛለሽ።»

«እኔስ ለስፌት አለሁ። እንደዚያ እስካልሆንክ ድረስ» አለችና ወደ በሩ አገጯን ቀሰረች። በሩ ላይ ማንም የለም። «እሱ ምስኪን ከቀን ወደ ቀን እያለቀ ነው። ልብሱን ብቻ ነው የማስተካክልለት፤ ሌላ ምን አደርግለታለሁ?»

«ማን ነው ግን እሱ?»

አሰበች። «የሰው ታናሽ ይመስላል» አለች።

ብርድ ገብቶኛል። መስኮቱ ዝግ ነው።

ጥር 5

መስታወት የማየው ጢም ስላጭ ነው፤ ያኔም የማየው ጢሙን ብቻ ነው። ዛሬ ወደ ሽንት ቤት ስሄድ በኮሪደሩ መስታወት ውስጥ አንድ ሰውዬ አልፎ ሄደ። እትዬ የምትለውን እኔም ማየት ጀመርኩ ማለት ነው። በሽታው አይተላለፍም ብለውኛል።

ረሃቡ ለሦስት ሳምንት ያህል ይቻላል። ከዚያ ጥር ማለቂያ ላይ ሥዕሉን ያነሡና ያበቃል። ከሻይው ስኳሩን ቀነስኩ።

ጥር 14

እትዬ ቀኑን ሙሉ አልነቃችም። ጠራኋት፣ «እ» አለች። ትንፋሿ የከረመ ፍሬ ይሸታል። ሐኪሙ በስልክ «ጊዜ የለንም፣ ሥዕሉን ወደዚህ ሳምንት እናምጣው፤ ስቡ ወርዶ ከሆነ ቶሎ እንገባለን» አለኝ።

ወርዷል ማለት አልቻልኩም። አልወረደም ማለትም። «ሱሪው እስካሁን አልሰፋኝም» አልኩት። «ምንዎ?» አለ።

ጥር 17

ያቺው ባለሙያ፣ ያው ቀዝቃዛ ቅባት። ጎድኔ ላይ ስትደርስ መሣሪያውን ቀስ አደረገችው፤ የሚሰበር ነገር እንደሚነካ ሰው። ከመጋረጃው ወዲያ ያችው ጓደኛዋ።

«ነይማ እዪ። ይኼኛው ደግሞ ብሶ ያበራል።»

«ጥቅምት ላይ ያየነው ነው?»

«አይ፣ ያ ወፍራም ነበር።»

ሐኪሙ ራሱ ይዞኝ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ኪሎዬን ለኮሪደሩ አልጠራችም። ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችው። በሦስት ወር ሃያ አንድ ኪሎ ወርጃለሁ።

«ምን ሲበሉ ነበር?»

ነገርኩት። አጭር ነው፤ ብዙ አልፈጀም።

«እኔ ቀስ ብለው አላልኩዎትም?»

«ሱሪው ነው» አልኩ። «ሱሪው አልሰፋ ብሎኝ።»

ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ስቡ ከሰውነቴ ወጥቷል፤ የወጣው ግን ወደ ጉበቴ ነው። አሁን ተቆጥቷል፣ ኢንፌክሽን ይመስላል እንጂ አይደለም፣ ቁጣ ነው። ጠባሳ ገና አልጀመረም። ብበላ፣ በሥርዓት ብበላ፣ ሦስት አራት ወር፣ ይመለሳል።

«እህቴስ? ሦስት አራት ወር?»

መነጽሩን አውልቆ በነጭ ካፖርቱ ጫፍ ጠረገው። ንጹሕ ነበር። «ሌላ ሰጪ ብንፈልግ ይሻላል» አለ።

ሌላ የለም። ሁለታችንም እናውቃለን።

ጥር 18

ሱሪዎቹን ገለበጥኳቸው።

በግራጫው ውስጥ፣ ከመቀመጫው እስከ ወገቡ፣ ስፌት በስፌት ጎን። የመጀመሪያው መስመር እንደ ተዘረጋ ክር ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ይወዛወዛል። ከዚያ በኋላ ያሉት እንደ ወፍ ክንፍ ይርገፈገፋሉ፣ ግን አንዳቸውም ከልኩ አላለፉም። ምንም አልተቆረጠም፤ ትርፉ ጨርቅ ሁሉ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። መቀሶቹ መሳቢያዬ ውስጥ እንደተቆለፉ ናቸው። ጥቁሩም እንዲሁ ነው።

ጥር 19

ሽሮፑ ትንሽ ሠርቷል፤ እትዬ ዓይኗን ገለጠች። ግራጫውን ሱሪ ገልብጬ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ጣቷን በስፌቶቹ ላይ አስኬደች፤ እንደሚያነብ ሰው፣ ከላይ ወደ ታች።

«እጄ ተበላሽቷል» አለች። «እዚህ ጋ እየው፣ ጠመመ።»

«እትዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን?»

«እያጠበብሽልኝ መሆኑን።»

«ለአንተ አይደለም፣ ለሰውዬው ነው» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። በጣም ረጅም ጊዜ አየችኝ። ወገቤን፣ ትከሻዬን፣ ፊቴን፤ እንደገና ወገቤን። ከዚያ እጇን ዘርግታ ሱሪዬን ወገቡ ላይ ያዘችው። እጇ ይርገፈገፋል።

«ማሙሽ» አለች።

«አቤት።»

«በልተሃል?»

«አሁን እበላለሁ።»

«ሰው ፊት እየወረደብህ እንዳታፍር ብዬ እኮ ነው። ጠይቀኸኝ የለ? ይሰፋል አላልኩህም?»

ብላኛለች። ኅዳር 14፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ሁለት ጊዜ። አሁንም ደግማ ስትለው በጆሮዬ ሰማሁት።

ጠብቆ ነው የሚነበበው።